ሳይለኩ መፍረድ

ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን እና በእያንዳንዱ ሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ጓኒን ዘመዳሞች ናቸው። ኬሚስቶች ሁለቱንም ፒዩሪን በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ይመድቧቸዋል። ጓኒንና አዴኒን ከታይሚንና ከሳይቶሲን ጋር ሆነው የዲኤንኤ አራት ፊደላት ናቸው። የሰውም፣ የጤፍም፣ የወባ ተውሳክም ማንነት የሚጻፈው በእነዚሁ አራት ፊደላት ነው። ካፌይን ደግሞ እንደ ጓኒን ያለ አጽም ይዞ የራሱን ቅርንጫፎች ያበቀለ የአክስት ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ቡና ውስጥ ስንት ካፌይን እንዳለ በኤሌክትሪክ መለካት የቻለ ሰው፣ ዲኤንኤን በኤሌክትሪክ ወደማንበብ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆሟል። በአማራ ክልል በዚህ መንገድ ረጅም ርቀት ከሄዱት አንዱ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሽመልስ አድማሴ ጋር ሆነው «ታላንታ» በተባለው ዓለም አቀፍ የኬሚስትሪ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አሳትመዋል። ጥናቱ በስስ ፖሊመር በተሸፈነ የካርቦን ኤሌክትሮድ ቡና ውስጥ ያለን ካፌይን እንዴት መለካት እንደሚቻል ያሳያል።

ስማቸውን የሰማው አብዛኛው ሰው ግን በዚህ ሥራ አይደለም የሚያውቃቸው፤ በአሟሟታቸው ነው። አሟሟታቸውን በቅጡ ለመረዳት ደግሞ ዕድሜያቸውን የሰጡት ሙያ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ይጠቅማል።

አንዱን ከሌላው መለየት

መሣሪያው ሲያዩት የሚያስደንቅ ነገር የለውም። አንዲት ትንሽ ብርጭቆ፣ በውስጧ ጨው የሟሟበት ፈሳሽ፣ ፈሳሹ ውስጥ የተነከሩ ሦስት ዘንጎች። የዋናው ዘንግ ጫፍ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ጥቁር የካርቦን ክብ ነው። ዘንጎቹ ቮልቴጅ ከሚቆጣጠር መሣሪያ ጋር ይያያዛሉ።

ቮልቴጁ ቀስ እያለ ከፍ ሲል በፈሳሹ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች በየተራቸው ኤሌክትሮን ይለቃሉ። ያ ሲሆን ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠርና ኮምፒውተሩ ላይ በሚሣለው መስመር ጉብታ ሆኖ ይታያል። ጉብታው በየትኛው ቮልቴጅ ላይ እንደታየ ሲታወቅ «ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይመለሳል። የጉብታው ቁመት ደግሞ «ስንት ነው?» የሚለውን ይመልሳል።

ከአራቱ የዲኤንኤ ፊደላት ጓኒን ቀድሞ ይታያል፤ አዴኒን ይከተላል። ታይሚንና ሳይቶሲን ከዚያ የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋሉ፤ ምልክታቸውም ደካማ ነው። ዲኤንኤ በኤሌክትሮድ ላይ ምልክት እንደሚሰጥ ዛሬ አልታወቀም። ቼካዊው ኤሚል ፓሌቼክ ይህንኑ በሜርኩሪ ኤሌክትሮድ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1960 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ካሳተመው ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ችግሩ ያለው ራቁቱን በቀረው ካርቦን ላይ ነው። ጉብታዎቹ እርስ በርሳቸው ይደራረባሉ። በልኬቱ ጊዜ የሚፈጠሩ ነገሮች የኤሌክትሮዱ ገጽ ላይ ተጣብቀው ያደነዝዙታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እውነተኛ ናሙና ንጹሕ አይደለም። ደምና ሽንት ውስጥ ዩሪክ አሲድና ቫይታሚን ሲ አሉ፤ እነዚህም ኤሌክትሮን ይለቃሉ፤ የራሳቸውን ጉብታ ይሠራሉ። ያልሠለጠነ ዓይን ዩሪክ አሲዱን አይቶ «ጓኒን አገኘሁ» ሊል ይችላል።

የናኖ ቁሶች ወደዚህ ሙያ የገቡት ለዚህ ነው። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ዓለም በሰፊው ያወቃቸው የካርቦን ናኖቲዩቦች፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ተነጥሎ የተጠናው ግራፊን፣ ከዓይን የራቁ የወርቅ ቅንጣቶች በኤሌክትሮዱ ላይ በስሱ ይለበጣሉ። ሽፋኑ ሦስት ነገር ያደርጋል። የምስር ፍሬ በምታክል ቦታ ላይ ብዙ እጥፍ ገጽ ይፈጥራል፤ ኤሌክትሮን በቀላሉ እንዲያልፍ መንገድ ይከፍታል፤ የሚፈለገውን ሞለኪውል ወደ ራሱ እየሳበ የማይፈለገውን ያርቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 በቻይና የቻንግቹን ተመራማሪዎች በግራፊን በተሸፈነ ኤሌክትሮድ አራቱንም ፊደላት በአንድ ጊዜ ለያይተው ማሳየታቸውን ካሳተሙ በኋላ በዓለም ዙሪያ ተመሳሳይ ሥራዎች በብዛት ወጥተዋል። የመዓረግ አማረ ፖሊመር ሽፋንም የዚሁ ብልሃት ወንድም ነው። ቁሱ ይለያይ እንጂ ዓላማው አንድ ነው፤ አንዱን ከሌላው ሳያምታቱ መለየት።

ቁጥር ከመናገር በፊት

በዚህ ሙያ አንድ ጉብታ ስላየ ብቻ «አገኘሁ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አይታመንም። ቁጥር ከመነገሩ በፊት መሟላት ያለባቸው ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ ኤሌክትሮዱ በስስ የአሉሚና ዱቄት ይታሻል፤ የትናንቱ ናሙና ቅሪት የዛሬውን ውጤት እንዳያበላሽ። ቀጥሎ ባዶው ይለካል። የሚፈለገው ነገር ሳይገባበት ፈሳሹ ብቻውን ሲለካ ጉብታ ካሳየ፣ ጥፋቱ የናሙናው ሳይሆን የመሣሪያው ወይም የለኪው ነው። ከዚያ መጠናቸው አስቀድሞ የታወቀ ናሙናዎች ይለካሉ፤ መሣሪያው የሚያውቀውን ነገር በትክክል ካልተናገረ በማያውቀው ላይ ሊመሰክር አይችልም። ከዚያ ልኬቱ ይደገማል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ከሁሉ ይከብዳል። ተመራማሪው ራሱን ሊያሳስቱት የሚችሉትን ነገሮች ሆን ብሎ ናሙናው ውስጥ ይጨምራል። ዩሪክ አሲዱን፣ ቫይታሚን ሲውን፣ ስኳሩን እየጨመረ ውጤቱ ይናወጥ እንደሆነ ያያል። የታወቀ መጠን ጨምሮም መልሶ ይለካል፤ ከጨመረው ውስጥ ስንቱ እንደተገኘ በመቶኛ ያሰላል። በዲኤንኤ ላይ ደግሞ ተፈጥሮ ራሷ የሰጠችው መቆጣጠሪያ አለ። ኤርዊን ቻርጋፍ እንዳሳየው በሁለት ገመድ ዲኤንኤ ውስጥ የአዴኒን መጠን ከታይሚን ጋር፣ የጓኒን መጠን ከሳይቶሲን ጋር እኩል ነው። ልኬቱ ይህን ሚዛን ካልጠበቀ፣ ኤሌክትሮዱ ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን የሆነ ቦታ ስህተት አለ።

በመጨረሻ ተመራማሪው የመሣሪያውን ወሰን ይጽፋል። «ከዚህ መጠን በታች ያለውን ይህ ኤሌክትሮድ ሊያውቅ አይችልም» የሚል ቁጥር የሌለው ጥናት የገምጋሚዎችን በር አያልፍም። የራስን አለማወቅ በቁጥር መጻፍ በዚህ ሙያ ግዴታ ነው።

ደብረ ወርቅ ያለው ካፕሱል

ይህ ሁሉ ለአንድ ወረዳ ነዋሪ ምን ይጠቅመዋል?

ደብረ ወርቅ ከደጀን ተነስቶ በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣና ባሕር ዳር በሚያልፈው መንገድ ላይ የምትገኝ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ከተማ ናት። እንደ ብዙዎቹ የወረዳ ከተሞች ሁሉ ነዋሪዋ መድኃኒት የሚገዛው በእምነት ነው። ለሳንባ ምች የታዘዘለትን ልጅ አሞክሲሲሊን የሚገዛ አባት ካርቶኑን ያያል፤ ጊዜው ያለፈበት መሆን አለመሆኑን ያስነብባል፤ ከዚያ ከፍሎ ይሄዳል። ካፕሱሉ ውስጥ የተጻፈው 500 ሚሊ ግራም ይኑር፣ ግማሹ ይኑር፣ ወይም ዱቄት ብቻ ይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሻጩም የለውም።

ስጋቱ የወሬ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚሰራጩ የሕክምና ምርቶች ከአሥሩ አንዱ ሐሰተኛ ወይም ከደረጃ በታች ነው። ለድርጅቱ በብዛት ከተጠቆሙት መካከል የወባ መድኃኒቶችና ፀረ ተሕዋስያን ይገኙበታል። መጠኑ የጎደለ ፀረ ተሕዋስያን ደግሞ ሕመምተኛውን ሳያድን ይቀርና ተሕዋስያኑን መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋቸዋል፤ ጉዳቱ ለሚቀጥለው ታካሚም ይተርፋል።

መደበኛው መመርመሪያ ኤች.ፒ.ኤል.ሲ የሚባለው መሣሪያ ነው። ዋጋው በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው፤ ንጹሕ ኬሚካል፣ የማይቋረጥ መብራትና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። የወረዳ ከተማ አቅም አይደለም። ኤሌክትሮድ ግን ሌላ ነው። መሣሪያው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ በእጅ የሚያዝና በባትሪ የሚሠራም አለ። በየቤቱ ያለው የስኳር መለኪያ የዚሁ ዘር ነው። ጣቱን ወግቶ አንዲት ጠብታ ደም ወረቀቷ ላይ የሚያኖር የስኳር ሕመምተኛ፣ ሳያውቀው ኤሌክትሮድ እየተጠቀመ ነው። መነሻውም እ.ኤ.አ. በ1962 ሊላንድ ክላርክና ባልደረባው ያቀረቡት ሐሳብ ነው።

የኢትዮጵያ ኬሚስቶች ወደ ኤሌክትሮድ ያዘነበሉት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ መምህራን በዚህ ዘዴ ስለ መድኃኒቶች፣ ስለ ምግብና ስለ መጠጥ በርካታ ጥናቶችን አሳትመዋል። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2021 «ኤሌክትሮኪሚካ አክታ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። ጸሐፊዎቹ አዳነ ካሣ፣ አታክልት አበበ እና መዓረግ አማረ ናቸው። ከመዳብ የተሠራ አዲስ ውህድ ኤሌክትሮድ ላይ ለብጠው የለኩት አሞክሲሲሊንን ነው፤ ያውም ከመድኃኒት ቤት ከሚሸጥ ኪኒን ውስጥ። ደብረ ወርቅ ላይ አባትየው ሳያውቀው የሚገዛውን ያንኑ መድኃኒት።

ወረቀቱና ወረዳው

ታዲያ ዘዴው ታትሞ ሳለ ለምን ወረዳ አልደረሰም?

ምክንያቱ ብዙ ነው። አንድ ጥናት ሲታተም ተመራማሪው የማዕረግ ዕድገት ነጥብ ያገኛል፤ ዘዴው ወደ ጤና ጣቢያ ቢወርድ ግን የሚያገኘው ነገር የለም። ኤሌክትሮዱም፣ ማመሳከሪያ የሚሆነው ንጹሕ መድኃኒትም የሚመጡት በውጭ ምንዛሪ ነው። መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግን በቅርብ አይገኝም። ዘዴውም ቢሆን ሁሉን አይመልስም። ካፕሱሉ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር መጠን ይናገር እንጂ ካፕሱሉ ሆድ ውስጥ በትክክል መሟሟቱን፣ ሌላ ጎጂ ነገር አለመቀላቀሉን ለብቻው አያረጋግጥም። ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይበቃል፤ ለመጨረሻ ፍርድ ወደ ትልቁ ላብራቶሪ መላክ ያስፈልጋል። በዚህ ሁሉ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ጦርነት ተጨምሯል። መንገድ በሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ቦታ ስለ አዲስ የምርመራ ዘዴ ማውራት ቅንጦት ይመስላል።

ነገር ግን መለኪያ በሌለበት ቦታ ባዶው ክፍት ሆኖ አይቀርም። የሚሞላው ሌላ ነገር አለ።

ልጁ መድኃኒቱን ጨርሶ ካልዳነ አባትየው ምን ይላል? «ፎርጅድ ነው የሸጠልኝ» ይላል። ምናልባት እውነቱን ነው። ምናልባት ደግሞ ሕመሙ በቫይረስ የመጣ ነበር፤ አሞክሲሲሊን ቫይረስን አይነካም። ምናልባት ካፕሱሉ ፀሐይ ላይ ሰንብቶ ነበር። ምናልባት መጠኑ ለልጁ ክብደት አልተስተካከለም። እነዚህን አንድ በአንድ የሚለይ ነገር ስለሌለ ጥርጣሬው ባለሱቁ ላይ ያርፋል። ባለሱቁ ከሌላ አገር የመጣ ወይም በአነጋገሩ የሚለይ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ቶሎ ይበስላል። ቅቤው ሙዝ አለበት፣ በርበሬው ሸክላ አለበት፣ ማሩ ስኳር ነው እየተባለ በየገበያው የሚወራውም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ እውነት ይሆናል። ግን ሌባውን ነጋዴ የሚያጋልጥ መለኪያ እንደሌለ ሁሉ ንጹሑን ነጋዴ ነጻ የሚያወጣ መለኪያም የለም። መለኪያ ወንጀለኛን እንደሚይዝ ሁሉ ንጹሕን ያድናል። ይህ ሁለተኛው ጥቅሙ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ጥቅምት 24 ቀን 2014

የፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ሞት እዚህ ላይ ይመጣል።

በ2014 ዓ.ም. መባቻ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወሎ ገብቶ ነበር። በጥቅምት አጋማሽ ደሴና ኮምቦልቻ ውጊያ ደርሶባቸው፣ ጥቅምት 23 ቀን በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ፕሮፌሰሩ ትግራዋይ ነበሩ፤ የሚኖሩትና የሚያስተምሩት ባሕር ዳር ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ መስከረም 29 እና 30 ቀን፣ ስለ እሳቸው የሚናገሩ ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ወጥተዋል። በኋላ በቀረበው ክስ እንደተገለጸው ጽሑፎቹ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይዘው፣ ያልተረጋገጠ ውንጀላ ደርድረው፣ የት እንደሚሠሩና የት እንደሚኖሩ የሚጠቁሙ ነበሩ። አንዱን ያሰራጨው ገጽ 50,000 ያህል ተከታይ ነበረው። ከሥር በተሰጡት አስተያየቶች ውስጥ ሞታቸውን የሚጠይቁ ነበሩበት።

ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፎቹን ለፌስቡክ ደጋግሞ እንደጠቆመ ተናግሯል። ጽሑፎቹ ግን በጊዜው አልተነሱም። ጥቅምት 24 ቀን ፕሮፌሰሩ ከሥራ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በሞተር ሳይክል የተከተሏቸው ሰዎች ደጃፋቸው ላይ ተኩሰው መቷቸው። ልጃቸው እንደሚለው የታጠቁት ሰዎች ሌላው እንዳይረዳቸው ስለከለከሉ ለሰባት ሰዓት ያህል መሬት ላይ ወድቀው ደማቸው ፈስሶ ሞቱ። ፌስቡክ ከጽሑፎቹ አንዱን ያነሳው ከሞቱ ከስምንት ቀን በኋላ ነው።

ታኅሣሥ 5 ቀን 2015 አብርሃም ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ ለጥላቻ ንግግር ተጎጂዎች 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ፈንድ እንዲቋቋምና የኩባንያው አሠራር እንዲለወጥ ይጠይቃል። ሜታ በበኩሉ የጥላቻ ንግግርና ሁከት ማነሳሳት በደንቡ የተከለከለ መሆኑን፣ ይህን ለመቆጣጠርም ብዙ ገንዘብ እንደሚያወጣ ገልጿል፤ የኬንያ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንደሌለውም ተከራክሯል። በመጋቢት 2017 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ማየት እችላለሁ ሲል ወሰነ።

ስለ ሜታ ጥፋት የሚለው ናይሮቢ ይባላል። ጽሑፎቹን የጻፈው፣ ያጋራው፣ ከሥራቸው አስተያየት የሰጠው ሰው ግን ካሊፎርኒያ አልነበረም። አማርኛ የሚጽፍና የሚያነብ ሰው ነበር።

እነዚያን ጽሑፎች አንድ የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ለላብራቶሪ ሪፖርት በሚጠየቀው ልክ ቢመዝናቸው አንዱንም ፈተና ባላለፉ ነበር። ባዶው አልተለካም። ስለ ማንም ቢጻፍ ይህን ያህል ቁጣ ይነሳ እንደነበር፣ የሚንቀጠቀጠው መሣሪያው ራሱ መሆን አለመሆኑን የጠየቀ የለም። ልኬቱ አልተደገመም፤ የተደገመው ወሬው ነው፤ መጋራትን እንደ ማረጋገጫ የቆጠሩ ብዙዎች ነበሩ። ጣልቃ ገቡ ነገር አልተለየም፤ የአንድ ሰው ስምና የትውልድ ቦታ ከሥራው ጋር ተደራርቦ እንደ አንድ ጉብታ ተነበበ። ወሰኑንም የጻፈ የለም። «ይህን አላውቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር እዚያ ውስጥ አልነበረም።

ይህን ማለት ሳይንስ ጥይት ያቆማል ማለት አይደለም። ሊገድል የወጣ ሰው ማስረጃ አይጠይቅም። ነገር ግን ገዳዩ ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይወጣም፤ ከኋላው የተጠራጠሩ፣ የተስማሙ፣ ዝም ያሉ ብዙዎች አሉ። መለኪያ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። ታሪኩም የአንድ ብሔር ታሪክ አይደለም። በእነዚያው ዓመታት ማይካድራ ላይ፣ አክሱም ላይ፣ ወለጋ ቶሌ ላይ ሰላማዊ ሰዎች በጅምላ ተገድለዋል። በየቦታው ስምና ቋንቋ እንደ ማስረጃ ተቆጥሯል። የአንዱን ሞት ለማንሳት የሌላውን መርሳት አያስፈልግም፤ አንዱን ብቻ የሚቆጥር ሚዛን ራሱ የተበላሸ ሚዛን ነው።

ጉባኤ ቤቱ የሚያውቀው

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይላል የአገሬው ተረት። ያልገደለ ሰው የጀግና ጎፈሬ ማበጠር እንደማያምርበት ሁሉ ያላጣራ ሰው ወሬ ማውራት አያምርበትም ለማለት ነው። ማጣራት ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም።

ምሥራቅ ጎጃም ይህን ከማንም በላይ ማወቅ አለበት። ደብረ ወርቅ ከላብራቶሪ ቀድሞ ጉባኤ ቤት የነበራት ደብር ናት፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ብቻውን ሲያሰላስል ውሎ እንዳገኘ ወዲያው አደባባይ አይወጣም። መጀመሪያ ለመምህሩ ይነግራል። ቃሉ ያለ ቦታው ከገባ፣ ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙና ወርቁ ካልተገናኘ ይታረማል፤ አንዳንዴም እንዳለ ይጣላል። ተማሪው ያን የሚታገሠው ስላልኮራ ሳይሆን ባልታረመ ቅኔ መታወቅ ከዝምታ የባሰ ውርደት ስለሆነ ነው። ናኖሜትርን በሚለካው ኬሚስትና በቅኔ መምህሩ መካከል ብዙ ልዩነት ቢኖርም በዚህ ይገናኛሉ። ሁለቱም ያልተፈተነን ነገር አደባባይ አያወጡም።

ይህን ልማድ መመለስ ትልቅ በጀት አይፈልግም። አንድ ሰው ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ውንጀላ ሲደርሰው ከማጋራቱ በፊት አራት ነገር ቢጠይቅ ይበቃል። ማን አየ? ሌላ ማን አረጋገጠ? ይህ ሰው ሌላ ስም ቢኖረው ኖሮ ይታመን ነበር? የተወነጀለው ምን አለ? አራቱ ካልተመለሱ ጽሑፉ ባለበት ይቆይ። ፎቶግራፍና የመኖሪያ ቦታ ያለበት ከሆነ ደግሞ መልሱ ከመገኘቱም በፊት ይጥፋ።

ለመድኃኒቱም ቢሆን መነሻው ከባድ አይደለም። በዩኒቨርሲቲዎቹ የታተሙት ዘዴዎች ከኤች.ፒ.ኤል.ሲ ጋር በአገር ውስጥ ይነጻጸሩ፤ ጎን ለጎን ተለክተው ከተስማሙት መካከል ለሁለት ወይም ለሦስት ዋና ዋና መድኃኒቶች የሚሆኑት ይመረጡ። በዞን ደረጃ አንድ ተንቀሳቃሽ መሣሪያና አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ተመድቦ በየወረዳው ካሉ መደብሮች ናሙና ይሰብስብ። ጥርጣሬ ያለበት ለማረጋገጫ ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይላክ። መምህራኑም ለታተመ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ወረዳ ለደረሰ ዘዴም የዕድገት ነጥብ ያግኙ። በዚህ መንገድ ባለሱቁም አባትየውም ከግምት ይድናሉ።

አሞክሲሲሊንን ለመለካት የረዱት እጆች ዘዴውን ወደ ወረዳ ለማድረስ አሁን የሉም። ጥናቱ በወጣበት በዚያው ዓመት ለአንድ ጊዜ እንኳ ያልተረጋገጠ ጽሑፍ ቀደማቸው። የታተመው ዘዴ ግን አለ፤ አብረዋቸው የጻፉት ሰዎች ስምም ወረቀቱ ላይ አለ። ደብረ ወርቅ ላይ ካፕሱሉ ዛሬም ሳይለካ ይዋጣል።